አዲሱ ሕግ የገባበት ሰኞ

ሙንሺ ኬምቻንድ አሂርዋር በሠላሳ አንድ ዓመት የፖሊስ ሥራው አንድም ቀን የሕግ መጽሐፍ ገልጦ አያውቅም። የባርኬዲ ፖሊስ ጣቢያ ጸሐፊ ነው፤ ሙንሺ የምንለው እሱን ነው። ሰው እያለቀሰ ይገባል፤ ኬምቻንድ አንገቱን ሳያቀና ያዳምጣል፤ ልቅሶው ሳያበቃ አንቀጹ ተጽፎ ያልቃል። ስርቆት ሦስት መቶ ሰባ ዘጠኝ፣ ግድያ ሦስት መቶ ሁለት፣ ማጭበርበር አራት መቶ ሃያ። የመጨረሻውንማ የከተማችን ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። እኛ ዘንድ አጭበርባሪ የሚሰደበው "አንተ አራት መቶ ሃያ!" ተብሎ ነው።

ያ ሁሉ ቁጥር በአንድ ቀን ከሥራ ውጭ ሆነ። እንግሊዞች ጽፈውት የሄዱት፣ መቶ ስልሳ ዓመት የዘለቀው የወንጀል ሕግ እሑድ አበቃና ሰኞ፣ ጁላይ አንድ ቀን 2024፣ የራሳችን ፓርላማ ያወጣው ሕግ ሥራ ጀመረ። ኬምቻንድን ሦስት ቀን አሠልጥነውታል። ሁለቱን ቀን አፉን ከፍቶ አዳመጠ፤ በሦስተኛው እንቅልፍ ጣለው። ሲመለስ የአሮጌውንና የአዲሱን ቁጥር ጎን ለጎን የያዘ ሰንጠረዥ ከወንበሩ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ሦስት መቶ ሁለት አሁን ግድያ አይደለም። በቃል የሰውን ሃይማኖት መዳፈር ሆኗል።

"እጄ ለምዶበት ነፍሰ ገዳዩን ተሳዳቢ ባደርገው ማን ሊጠየቅ ነው?" አለ ከጣቢያው በር ላይ ሻይ ለሚያፈላው ሰውዬ።

"እሱን ተወውና አራት መቶ ሃያስ ስንት ሆነ?"

"ሦስት መቶ አሥራ ስምንት።"

"ኧረ በሕግ አምላክ! ይሄ ምኑ ስድብ ነው? የአውቶቡስ ቁጥር እኮ ነው የሚመስለው!"

ኬምቻንድ ሳቀ። በዚያ ሰኞ የሳቀው እሱን ብቻ ነው። ሻዩን ጨልጦ ወደ ውስጥ ሲገባ በረንዳው ላይ ሦስት ሴቶች ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እንደፈራው፣ ከትናንት ጀምሮ ከቦታቸው አልተነሱም።

በእኛ ጣቢያ ሰው ሦስት ዓይነት ነው፦ የታሰረ፣ የተፈታ እና የተቀመጠ። የታሰረ በመዝገብ ይጻፋል፤ ፍርድ ቤት ያውቀዋል፤ ሰዓት ይቆጠርለታል። የተቀመጠ ግን አይጻፍም። "ና እስቲ እዚህ ጋ ቁጭ በል" ይባላል፤ አለቃው እስኪወስን ድረስ አንድ ቀንም ይሁን ሦስት ቀን እዚያው ነው። እስከዚያ ሙንሺው የዕለት ሁኔታ መዝገቡን ያቆመዋል። ይህም ማለት አንዱን ገጽ ባዶ ትቶ ይጠብቃል፤ አለቃው የፈለገውን ሰዓት ሲነግረው ያን ሰዓት እዚያ ላይ ይሞላዋል። መዝገብ ማቆም የሙንሺ ሙያ ነው። ኬምቻንድ ደግሞ በዚህ ሙያ የሚስተካከለው አልነበረም፤ ያቆመው ገጽ ሲሞላ የቀለሙ ድምቀት እንኳ አይለይም።

በዕድሜ ትልቋ ሴት ቡሪባይ ትባላለች፤ ሌሎቹ ሁለቱ ምራቶቿ ናቸው። ፓርዲዎች ናቸው። እንግሊዞች በሌላ ሕግ "ከእናታቸው ሆድ ሌቦች" ብለው በስም ዝርዝር ያስገቧቸው ወገኖች ናቸው። ያ ሕግ ከተሻረ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ መሻሩን ለፖሊስ ዓይን የነገረው ግን ያለ አይመስልም። እሑድ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ በገበያው መሐል የነጋዴው የኒርማል ሲንጋይ ሚስት የወርቅ ሀብል ከአንገቷ ጠፋ። ማን እንደወሰደው ያየ የለም። ማበጠሪያና መርፌ ዘርግተው የሚሸጡ ሦስት የፓርዲ ሴቶች ግን አምስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበሩ፤ ለገበያተኛው ይህ በቂ ነበር። እየጎተቱ አመጧቸው። ሴት ፖሊስ ፈተሸቻቸው። ማበጠሪያ፣ መርፌ፣ ጥቂት ሳንቲም። ሀብል የለም።

"ሙንሺጂ" አለች ቡሪባይ፣ ሊያልፋት ሲል፤ "ጻፍከን ወይስ አልጻፍከንም?"

"ገና ነው።"

"ካልተጻፍንማ እዚህ የለንም ማለት ነዋ?"

"እንደዚያ በይው።"

"የሌለ ሰው ደግሞ ማን ይከለክለዋል? ተነሱ ልጆች፣ እንሂድ!" አለችና በእጇ ምራቶቿን ጎሸም አደረገቻቸው። ሳትነሳ ነው ይህን ያለችው። በሩ ላይ የቆመውን ጠመንጃ ያዥ እያየች ነው።

ኬምቻንድ ሰምቶ እንዳልሰማ አለፈ። ከዚህች ሴት ዓይን መሸሽ ከጀመረ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ባሏን ሃልኬን የጻፈው እሱ ነው። ያኔ የነበረው አለቃ ወሩ ሳያልቅ አንድ ትልቅ ክስ ያስፈልገኛል አለና ከድልድዩ ሥር አምስት ሰው ያዘ። ኬምቻንድም "ለዝርፊያ ሲዘጋጁ ተያዙ" ብሎ ጻፈ፤ ዱላ ሁለት፣ ቢላዋ አንድ ብሎ ጨመረ። ድንግዝግዝ ያለ ጊዜ እንደነበር ሁሉ ጻፈ። ሃልኬ በእስር ቤት በሁለተኛ ዓመቱ ሳንባው አልቆ ሞተ። ኬምቻንድ ይህን ለሚስቱም ነግሮ አያውቅም። ጸሐፊ ነኝ፣ የሚነግሩኝን ነው የምጽፈው ይላል ለራሱ፤ ይህንኑ ሲል አሥራ አራት ዓመት ሆነው።

ሁለት ሰዓት ላይ የጣቢያው አዛዥ ኢንስፔክተር ቪክራንት ባዶሪያ ደረሰ። ሠላሳ አምስት አልሞላውም፤ ልብሱ ሁልጊዜ እንደተተኮሰ ነው፤ በመንግሥት ሥራ ላይ ፎቶ የማይነሳበት ቀን እንደባከነ የሚቆጥር ሰው ነው። በዚያ ቀን በየጣቢያው አዲሱን ሕግ የመቀበያ ሥነ ሥርዓት ነበር። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ ወንበር ተደርድሯል፤ ላዱ የሚባለው ጣፋጭ በትሪ ተቆልሏል፤ የከተማው ሰው አራት ሰዓት ላይ ይመጣል።

ኬምቻንድን ወደ ቢሮው ጠራውና በሩን ዘጋ።

"ሙንሺጂ፣ ከእሑድ አሥር ሰዓት በኋላ መዝገቡን አቁመውታል አይደል?"

"አቁሜዋለሁ ሳሂብ።"

"ጎበዝ! ለዚህ እኮ ነው የምወድዎት። አሁን ይስሙኝ። በአዲሱ ሕግ አንቀጽ አንድ መቶ አሥራ ሁለት አለ። የቡድን ስርቆት። ከአንድ ዓመት እስከ ሰባት ዓመት ነው። በአሮጌው እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። እነዚህ ሦስቱ ሴቶች ደግሞ አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ሙያ፣ አንድ ቡድን ናቸው። በአውራጃው የመጀመሪያውን የቡድን ክስ ማን ይክፈት? ባርኬዲ!"

"ሳሂብ፣ ስርቆቱ የተፈጸመው እሑድ ነው። እሑድ የነበረው አሮጌው ሕግ ነው። ሥልጠናው ላይ ድርጊቱ የተፈጸመበት ቀን ነው የሚታየው ብለውናል።"

"ሲተኙ ነው የሰሙት?" ባዶሪያ ሳቀ። "ለዚህ ነዋ የጠራሁዎት። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ አውቶቡስ ጣቢያው ላይ፣ ሦስት ሴቶች ከበው የወይዘሮ ኩሱምላታ ሲንጋይን ሀብል መነጨቁ። ሲንጋይን አነጋግሬዋለሁ፤ ይፈርማል። ሀብሉ ይመለስለት እንጂ ቀኑ ምኑ ነው? ሰው ሁሉ ፊት እንዲፈርም አደርገዋለሁ፤ ጋዜጠኞችም ይመጣሉ።"

ባዶሪያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ጡረታ ስንት ቀረዎት?"

"አንድ ዓመት ከሁለት ወር።"

"በሰላም ይውጡዋ!" አለ ባዶሪያ ረጋ ብሎ፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ።

ኬምቻንድ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ የአቤቱታ ቅጹን ዘረጋ። አንድ ዓመት እስከ ሰባት ዓመት የሚለው ጆሮው ውስጥ ይጮኻል። ቡሪባይ ስድሳ ልትደፍን ነው። ትንሿ ምራቷ ጡት የሚጠባ ልጅ ትታ ነው የመጣችው፤ ደረቷ ላይ ያለው ጨርቅ ርሶ ይታያል። ይህን ሁሉ ያያል፤ ብዕሩ ግን ወረቀቱ ላይ ነው። የሲንጋይን ስም ጻፈ፤ የአባቱን ስም ጻፈ፤ ሰፈር ጻፈ። አንቀጽ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ እጁ እሱን ሳይጠይቅ ሮጦ ሦስት መቶ ሰባ ዘጠኝ ብሎ አረፈ። አሮጌው ስርቆት።

ባዶሪያ ከኋላው ቆሞ ነበር።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እጄ ነው ሳሂብ። ልማድ ሆኖ…"

ወረቀቱን ነጠቀውና ለሁለት ቀደደው። እርስዎ ማለቱም እዚያው ላይ አበቃ። "ስማ! ሠላሳ ዓመት ቁጥር ስትሸመድድ ኖረህ አንዷን ቁጥር መርሳት አቃተህ? አንድ መቶ አሥራ ሁለት! ግድግዳው ላይ አለልህ፣ እያየህ ጻፍ! ደግመህ ብትሳሳት የምትሳሳተው ሆነ ብለህ ነው ማለት ነው፤ ሆነ ብሎ የሚሳሳት ደግሞ የት እንደሚላክ ታውቃለህ።"

ሌላ ቅጽ ዘረጋ። አሁን የታዘዘውን ቃል በቃል ጻፈ። ሰኞ፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ አውቶቡስ ጣቢያ፣ ሦስት ሴቶች በቡድን ሆነው፣ አንቀጽ አንድ መቶ አሥራ ሁለት። መልካም ጽሕፈት ነው ያለው፤ ውሸቱ ሁሉ ዓይን የሚማርክ ሆነ። በራሱ ተናደደ፤ አፈረም። እንዲህ ብሎ ነው ሃልኬን የጻፈው፤ በዚህችው እጅ።

ከቅጹ ግርጌ ቀድሞ የታተመ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። "ቃሉ ለአቤቱታ አቅራቢው ተነቦለት ትክክል መሆኑን አምኖ ፈርሟል።" በአሮጌው ቅጽም ነበር፤ እንግሊዞቹም ጽፈውታል፤ አዲሱም እንዳለ ወስዶታል። ኬምቻንድ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሺህ ጊዜ በዚህ ዓረፍተ ነገር ሥር ሰው አስፈርሟል። ለአንድም ሰው አንብቦ አያውቅም። ማንም ሙንሺ አያነብም። ሰውየው ይፈርማል፤ ወይ አሻራውን ያሳርፋል፤ ይሄዳል።

ዓረፍተ ነገሩን ብዙ ጊዜ ሲያየው ቆየ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ድንኳኑ ተመለከተ። ኩሱምላታ ሲንጋይ ከፊት ረድፍ ተቀምጣለች። የገበያው ሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ነች። ክብሯን በጣም የምትጠብቅ ሴት መሆኗን የማያውቅ የለም፤ ያለ ባሏ ከቤት ስትወጣ አማቷ እንኳ አይታት አታውቅም ይባላል። ኬምቻንድ ቃሉን እሷ በምትሰማበት ጮክ ብሎ ሊያነበው ወሰነ። ባልየው ፈርሞ ከቀደማት፣ ወይ ዝም ካለች፣ ሦስቱ ሴቶች ከምሳ በፊት ወደ ወህኒ ይጫናሉ፤ እሱም ማንበቡ ለምንድን ነው ተብሎ ይጠየቃል።

አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ባዶሪያ መናገር ጀመረ። ከእንግዲህ የቅኝ ገዢ ሕግ የለም አለ። ከእንግዲህ ሕጉ የሕዝቡ ነው፣ ተበዳዩ ሁሉን ነገር በግልጽ ያውቃል፣ የሚደበቅ ነገር የለም አለ። ተጨበጨበ። "ለዚህም ማስረጃ በአውራጃችን የመጀመሪያውን ክስ እናንተው ፊት እንከፍታለን። ሙንሺጂ!"

ኬምቻንድ ወረቀቱን ይዞ ወጣ። ሲንጋይ ብዕሩን አውጥቶ ቆሟል። የካሜራ ሰዎች ተጠጉ።

"ከመፈረሙ በፊት ሊነበብለት ይገባል ሳሂብ" አለ ኬምቻንድ። "ሕጉ ያዛል።"

የባዶሪያ ፈገግታ ፊቱ ላይ ደረቀ። "አያስፈልግም፣ አንብቦታል" ሊል ነበር፤ ግን ካሜራው ወደ እሱ ዞሯል፤ የሚደበቅ የለም ያለው ራሱ ነው። ጥርሱን ነክሶ "ያንብቡለት" አለ።

ኬምቻንድ አነበበ። ሰፈሩን፣ የአባት ስሙን፣ ሁሉን። ባለቤቴ ወይዘሮ ኩሱምላታ ዛሬ ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ብቻዋን አውቶቡስ ጣቢያ ቆማ ሳለ ሲል ድምፁን ከፍ አደረገ። ኋላ የተቀመጡት ሁሉ ሰሙ።

ሲንጋይ "አዎ፣ ልክ ነው" አለና ብዕሩን ወደ ወረቀቱ ሰደደ።

"ምን?" አለች ኩሱምላታ ከወንበሯ እየተነሳች። "እኔ? አውቶቡስ ጣቢያ? ብቻዬን?"

"ቆይ አንቺ…" አለ ባሏ።

"ምን ቆይ ትለኛለህ! በጠዋት አውቶቡስ ጣቢያ የሚቆሙ ሴቶች የትኞቹ እንደሆኑ ከተማው አያውቅም? ሀብሌ የጠፋው ትናንት ነው፣ ገበያ መሐል፣ አንተ ጎኔ ቆመህ! ይሄ ሁሉ ሰው አይቷል። አላያችሁም?"

"አይተናል!" አለ ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ። "እሑድ ነው! እሑድ!" አሉ ሴቶቹ። አንዱ ጎልማሳ ደግሞ "ሀብሉን ማን እንደወሰደው ግን ያየ አለ?" ብሎ ጠየቀ። ኩሱምላታ ራሷ "እኔም አላየሁም፤ ያዟቸው አሉና ያዟቸው" አለች፤ ብስጭቷ ገና አልወጣላትም። ወረቀቱን ከባሏ እጅ ነጥቃ ለኬምቻንድ መለሰችለት። "እንደሆነው ጻፈው፤ እንደዚያ ከሆነ ይፈርማል።"

ካሜራው ይህን ሁሉ ቀርጿል። ባዶሪያ ላዱ እንዲታደል አዘዘ።

ቢሮ ውስጥ ምን እንዳለው መናገር አያስፈልግም፤ ሻይ የሚያፈላው ሰውዬ ከጣቢያው በር ላይ ሆኖ ሰምቶታል። ኬምቻንድ ቆሞ ሰማ። ከዚያ ወጥቶ ሦስተኛውን ቅጽ ጻፈ፦ እሑድ፣ ጁን ሠላሳ፣ አሥር ሰዓት ተኩል፣ ገበያ ውስጥ፣ ያልታወቀ ሰው፣ አንቀጽ ሦስት መቶ ሰባ ዘጠኝ። ሲንጋይ ፈረመ። ከዚያ ኬምቻንድ የዕለት ሁኔታ መዝገቡን ሳበና ያቆመውን ገጽ ሞላው። እንዳለ፣ እንደሆነው ሞላው፤ ሦስት ሴቶች ከእሑድ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ያለ እስር ትእዛዝ በጣቢያው በረንዳ ተቀምጠው ማደራቸውንም፣ መዝገቡን ያቆመው እሱ ራሱ መሆኑንም ጻፈ። ይህ ለጡረታው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ፈረመበት።

መዝገቡን ይዞ ወደ በረንዳው ወጣና ቡሪባይ ፊት ተቀመጠ።

"ጨርሳችኋል። አሻራሽን እዚህ ጋ፣ ከዚያ ትሄዳላችሁ።"

ቡሪባይ ጣቷን አልሰጠችውም። "ያንን ሁሉ ጩኸት ሰምቼዋለሁ። ለሲንጋይ አንብበህለታል። ለኔም አንብብልኝ።"

አነበበላት። በዝግታ አነበበ፤ ምራቶቿ ተጠጉ። ሲጨርስ ቡሪባይ ወደ ጽሑፉ ጠቆመች።

"ስሜ አለበት?"

"አለበት። ቡሪባይ፣ የሃልኬ ባለቤት።"

"ሌባ ይላል?"

"አይልም።"

"የትም ቦታ?"

"የትም ቦታ አይልም።"

"ድገመው።"

ደገመላት። ስሟ ጋ ሲደርስ ትንሿ ምራት አፏን በሻሿ ሸፈነች። ቡሪባይ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ አሳረፈች፤ ወረቀቱ ላይ ተጫነችው። ማበጠሪያዋን በጨርቅ ቋጠረችና ተነሳች፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ትክ ብላ አየችው።

"እንዲህ አድርጎ ማንበብ ድሮም ትችል ነበር?"

ኬምቻንድ ሊያመካኝ አፉን ከፈተ፤ ያ የለመደው ቃል፣ ጸሐፊ ነኝ የሚለው፣ ምላሱ ላይ ነበር። ዋጠው።

"እችል ነበር" አላት።